ልጇን የሸጠችው ሚስቴ

ተዋናይ የሚባል ሰው አልወድም። ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም፤ ከአንዷ ጋር ተጋብቼ አርጅቻለሁ። ሚስቴ በጃንሆይ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣች፣ ቴሌቪዥን የገባች፣ አንድ ፊልም ላይም ያለች ሴት ናት። አሁን ሁስቢ በሚባል የስቶክሆልም ዳር ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የሰው ውሻ ሲያልፍ ታያለች። እዚህ ስቶክሆልም ያለው ማኅበራችን «አንጋፋ»፣ «ፈር ቀዳጅ» እያለ በየዓመቱ ለአንዱ ካባ ያለብሳል። እሷ ትዝ ብላቸው አታውቅም። እኔም አላስታወስኳቸውም። ካባ ምን ይሠራላታል፤ ቁምሳጥናችን እንደሆነ ሞልቷል።

ሥራውን ከቅርብ ያየሁት በሹፌርነቴ ነው። ያን ጊዜ የጭነት መኪና እነዳ ነበርና ፊልም ሠሪዎቹ ዕቃቸውንና ሰዎቻቸውን እንዳመላልስ ተኮናተሩኝ። አለቃቸው ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ለጋ ሰው ነው። በዚያ ሐሩር አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ በሁለት እጁ ጣቶች መስኮት ሠርቶ በዚያ ቀዳዳ አገሩን ያያል። እግዜር የሰጠው ዐይን አልበቃውም። እሷ የምትሠራው ነገር ከወንዝ ውሃ ቀድታ ዳገቱን መውጣት ነበር። ይኸው ነው። ላይ ደርሳ ትንፋሿን ሳትሰበስብ «ይደገም» ይላል። ውሃው ይደፋና እንደገና ትወርዳለች። ባዶ እንስራ ትያዝ ቢሉት «ባዶ እንስራ አንገት ላይ ያስታውቃል» ብሎ ተቆጣ።

ገበሬው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ሊያይ ተሰብስቧል። አንድ ሽማግሌ ወደ መኪናዬ ጠጋ ብሎ፣

«ይህች ልጅ ምን አጥፍታ ነው?» አለኝ።

«ምንም አላጠፋች። ሥራዋ ነው።»

«ሥራዋ ውሃ መቅዳት ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ የቀዳችውን ለምን ይደፉባታል?»

የመኪናዬን መስኮት ዘጋሁ። 

ፊልሙ አዲስ አበባ ሲታይ ሱፍ ለብሼ ገባሁ። እሷ የምትታየው ከኋላ ነው፤ ጀርባዋና እንስራው። ምራቅ እስኪዋጥ ድረስ ታየችና አለፈች። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ያኔ ሲናፈጥ ስለነበር አላያትም። ፊልሙም ኋላ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። በቆርቆሮ ጣሳ ታሽጎ የሆነ መጋዘን ውስጥ ቀርቶ አይጥ ይሆናል የሚያየው።

ታዲያ ለምን አገባሃት የሚል አይጠፋም። የዚያን ቀን ሲጨርሱ ጋቢናዬ ውስጥ ገብታ ጫማዋን እያራገፈች «ነገ ሌላ ዳገት ይፈልግ፣ ይሄንን ጨርሼዋለሁ» አለች። ሳቄ መጣ። ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ ጉዳይ ነው።

ቴሌቪዥኑ ከፊልሙ የባሰ ነበር። ያን ጊዜ ድራማ የሚሉት በቀጥታ ነው የሚተላለፍ፤ እነሱ እዚያ ይሠራሉ፣ ሰው እዚህ ያያል፣ ሲያልቅ አለቀ። ተቀርጾ የሚቀመጥ የለም። ሚስቴ ጉንጯ የገባ፣ ቅንድቧ የገጠመ ስለሆነች ሁልጊዜ የሚሰጧት የክፉ ሴት ቦታ ነው። እንጀራ እናት ትሆናለች፣ ምቀኛ ጎረቤት ትሆናለች፣ ጌታዋን መርዝ የምታበላ ገረድ ትሆናለች። ደግ ሴት ሆና አላየኋትም። ደግነት ለቆንጆዎቹ ተይዟል። የነዚያ የተማሩ ሰዎች ዕውቀት እስከዚህ ድረስ ነበር።

የመጨረሻ ድራማዋ ላይ መበለት ሆነች። ክፉ ቀን መጥቶ ሴትዮዋ ልጇን ለአንድ ሽማግሌ ባለርስት በሁለት በሬ ትሸጣለች። ልጅቷ ስትወሰድ እናትየዋ ደረቷን እየደቃች ታለቅሳለች ተብሎ ተጽፏል። ቤት ውስጥ ስታጠና ሰምቻለሁ፤ እንዲያውም አንድ ማታ ጎረቤቶቻችን ሰው የሞተብን መስሏቸው ነጠላ አዘቅዝቀው መጡ። በዕለቱ እኔ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ አየሁ። ልጅቷን እጇን ይዘው ወሰዷት። ሚስቴ በሩን ተደግፋ ቆመች። አየች። አላለቀሰችም። ከውጭ የበሬ ድምፅ ይሰማል፤ ኋላ እንደነገሩኝ የሚያገሳው የጣቢያው ዘበኛ ነበር። ከዚያ «በሬዎቹን አስገቡልኝ፣ ሊመሽ ነው» አለችና አለቀ።  አንዱ «ይህች አውሬ» አለ። ሚስቴ ናት አላልኩትም።

አዘጋጁ «ሁለተኛ በዚህ በር እንዳትገቢ» አላት። አልገባችም። ሰው ደግሞ የራሱን ጨመረበት። ገበያ ቅቤ ሻጮቹ «ለአንቺ ቅቤ የለም፣ በሬሽን እለቢ» ይሏታል። በሬ እንደማይታለብ ያውቃሉ፤ ግን እንዲያ ይላሉ። የሰፈሩ ሴቶች ልጆቻቸውን ከበራችን ያርቃሉ። ድራማ መሆኑን የማያውቅ አልነበረም። አውቀውም ያርቃሉ። እንዲህ ያለ ሕዝብ ነው አርቲስት አከብራለሁ የሚል።

«ለምን አላለቀስሽም?» አልኳት።

«ዝም ብዬ ነው» አለች።

ደጋግሜ ጠይቄያታለሁ። ስንሰደድ ሱዳን በረሃ ላይም ጠይቄያታለሁ፣ ስዊድን ከገባንም ጠይቄያታለሁ። መልሷ ያው «ዝም ብዬ ነው» ነው። እዚህ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጠች ጡረታ ወጣች። ልጅ አልተሰጠንም። የሥራዋ ታሪክ በዚህ አለቀ ብዬ ነበር።

አንድ ቀን ትቬትስቱጋ፣ ማለት የሕንጻው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወርዳ ቀረች። ብትመጣ ከአንዲት ልጅ ጋር መጣች። ልጅቷ ከአዲስ አበባ ለትምህርት የመጣች፣ ባሏ ቺስታ በሚባለው የቢሮ ሰፈር ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ፣ እርጉዝ ናት። ማጠቢያ ቀጠሮ ሳትይዝ ገብታ አንዱ እርጥብ ልብሷን ወለል ላይ ጥሎባት ስታለቅስ ነው ያገኘቻት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ የኛ ቤት ሰው ሆነች። ሚስቴ አዋላጇ ዘንድ አብራ ትሄዳለች፤ ስዊድንኛውን ግማሹን በትክክል፣ ግማሹን በግምት ታስተረጉማለች።

«እማማ፣ ሴት ከሆነች ክርስትና እርስዎ ያንሱልኝ» አለቻት አንድ ቀን።

ሚስቴ ወጥ ቤት ገባች። ከዚያ «እሺ» ብላ ወጣች።

ሴት ልጅ ተወለደች። ክርስትናዋ ደንቡ ነውና በሰማንያ ቀኗ ነው። የክርስትና እናት ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ዞራ በሕፃኗ ፈንታ ሰይጣንን ትክዳለች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ በእሷ አፍ ታምናለች። ሚስቴ ይህን ታጠና ጀመር። መስተዋት ፊት ቆማ። ምዕራቡ መታጠቢያ ቤቱ በር በኩል ነው፣ ስለዚህ ወደ ሽንት ቤት ዞራ ሰይጣንን ስትክድ እሰማለሁ።

«አምላክ ፊት ደግሞ ልትተውኚ ነው?» አልኳት።

«ዝም በል፣ ቃሉ ይጠፋብኛል» አለች።

ለሕፃኗ ነጭ ቀሚስ ገዛች፣ ጠርዙን በእጇ ሰፋች። ከአልጋ ተነሥታ ታየዋለች። ምንም አልተናገርኩም፤ ሰው እንዲህ ሲሆን ደስ አይለኝም፣ መጨረሻውን አውቀዋለሁ።

የልጅቷ እናት ልጇን ልታርስ ከአዲስ አበባ መጣች። ከሚስቴ በብዙ የምታንስ፣ ወፍራም፣ ነገር ዐዋቂ ሴት። ለእንኳን ደህና መጡ ልጅቷ ቤት ሄድን። የስዊድን ክረምት ነው፤ ገና ምሳ ሳይነሣ ጨለመ። ሚስቴ ሕፃኗን ከመስኮቱ እያራቀች «ነይ እሺ፣ ነይ፣ ሊመሽ ነው» አለቻት። የሕፃኗ አያት የያዘችውን ሰሐን እንደያዘች ቀረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ቴሌቪዥን ላይ ሠርተው ያውቃሉ?»

ሚስቴ ፊቷ በራ። ይህን መደበቅ አልችልም፣ ልጃገረድ መሰለች። «እንዴት አወቁኝ?»

«በሬዎቹን አስገቡልኝ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

አያትየው ሰሐኑን አስቀመጠች፤ መጥታ ሕፃኗን ከሚስቴ ዕቅፍ በቀስታ ወሰደች። ተሳደበች አልልም። «ይብሉ እንጂ» አለችን። ከዚያ በኋላ ግን ልጇን ወደ መኝታ ቤት ጠርታ በሩን ገርበብ አድርጋ ያወራችውን እኔም ሰማሁ፣ ሚስቴም ሰማች። ገርበብ ማድረጓም ለዚያ ነው።

«የዓለም ሴት ሞልቶ ልጅ ሻጭ ክርስትና ታነሣለች?»

«እማዬ፣ ድራማ እኮ ነው።»

«ድራማ መሆኑን መቼ አጣሁት? ደንቆሮ አደረግሽኝ? ሌላዋ ብትሆን ታለቅስ ነበር። ድራማስ ቢሆን፣ እናት አታለቅስም?»

እንዲህ ያለውን ሙግት ማን ይረታል? ልጅቷ ቄሱ ዘንድ ሄደች። ቄሱ «ሃይማኖታቸው የቀና፣ የሚቆርቡ ከሆነ እኔ አልከለክልም፤ እናንተ ግን ተስማሙ» አሏት። ሁለት ወገን ማስቀየም የማይሆንለት ሰው የሚናገረውን ነው የተናገሩት።

በመጨረሻ አያትየው ራሷ ልጇን አስከትላ ቤታችን መጣች። ለክፋት እንዳልመጣች ያስታውቃል፤ ሙዝና ብስኩት ይዛ ነው የመጣች። ተቀመጠችና ነገሯን አወጣች። ያን ጊዜ እናቷ መበለት ነበረች። ሰፈሩ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለበት ቤት አንድ ብቻ ነው፤ ልጆቹ በመስኮቱ በኩል ድንጋይ ላይ ቆመው ያያሉ። ያን ድራማ አይታ ቤቷ ገባችና የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ አደረች።

«እኛም ቤት እህል አልነበረም» አለች። «በር በተንኳኳ ቁጥር የሚገዛኝ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ስንት ጊዜ እንዲህ እንደሆንኩ አይጠይቁኝ። እርስዎን ሳይዎት ዛሬም በር የተንኳኳ ይመስለኛል።»

ሚስቴ ጠጋ ብላ ትሰማለች። ዐይኗን አትነቅልም።

«አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። ያኔ ማልቀስ ነበረብኝ፣ አጥፍቻለሁ ይበሉኝ። ሕፃኗን እኔው ራሴ አቅፌ አመጣልዎታለሁ።»

ቀላል ነው ብዬ ተነፈስኩ። ወጣትነቷን ሁሉ በደሞዝ ስትዋሽ የኖረች ሴት፣ አንዲት ውሸት በነፃ ብትጨምር ምን ትሆናለች። ጠረጴዛው ሥር እግሯን በእግሬ ነካሁ። እግሯን ሰበሰበች።

«አልልም» አለች።

«እማማ» አለች ልጅቷ።

«አልልም ልጄ። አልቅሺ ተብያለሁ፣ አጥንቼውም ነበር። ግን ልጅቷን ይዘዋት ሲወጡ ዞር ብላ አየችኝ። ባለቅስ ሮጣ ትመለሳለች። ከተመለሰች ሁለታችንም በረሃብ እንሞታለን። እንድትሄድልኝ ነው ያላለቀስኩት።»

ለእኔ ዕድሜ ልኳን «ዝም ብዬ ነው» ያለችኝን፣ ሙዝ ይዛ ለመጣች እንግዳ ዘረገፈችላት።

አያትየው «ይህን እኛ በምን እናውቃለን?» አለች። «ማን ነገረን?»

«አልነገርኳችሁም። ማየት ነበረባችሁ።»

«እኔ ሕፃን ነበርኩ።»

 አያትየው ካፖርቷን አንሥታ «እንግዲያው አልሰጥም» ብላ ወጣች። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አለቀሰች፣ ከዚያ እናቷን ተከትላ ሄደች። ምን ታድርግ። ሚስቴ ነጩን ቀሚስ በወረቀት ጠቅልላ በማግሥቱ አደረሰችላት።

«አንድ ቃል ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ስንቱን ዋሽተሽ ይሄ ነው የከበደሽ?»

«ሌላውን ሁሉ የጻፉልኝን ነው ያልኩት። ይሄኛው የኔ ነው።»

ከዚያ ሁሉ ሥራ የሷ የሆነው ያቺ አለማልቀሷ ብቻ ነች ማለት ነው። በዚያች ምክንያት ሥራዋን አጣች፣ አሁን ደግሞ ልጅ አጣች። ይህን ነገርኳት። «ትክክል ነህ» ብላ ቴሌቪዥን ከፈተች።

ክርስትናው ከስዊድኖቹ በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ነበር። አልሄድም አልኩ፤ እሷ ለበሰች፣ ስለዚህ ሄድኩ። ሕፃኗን የምታነሣው ኡፕላንድስ ቬስቢ ከሚባል የዳር ከተማ በፔንደልቶግ ባቡር የመጣች የልጅቷ ባል ዘመድ ናት። ባቡሩ ዘግይቶባት እያለከለከች ገባች። ቄሱ ወደ ምዕራብ ዙሪ ሲሏት ምዕራቡ የት እንደሆነ ጠፍቷት በራሷ ላይ ዞረች፤ ዲያቆኑ ትከሻዋን ይዞ አቀናት። ቃሉንም አንድ በአንድ እያቀበላት ነው ያለችው። ኋላ ወንበር ላይ ሚስቴ አጠገቤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከዲያቆኑ ቀድማ ትጨርሳለች። ሕፃኗ ሜሮኑን ስትቀባ ጮኸች። ቀሚሱ ልኳ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ድግሱ ዩልስታ የሚባል ሰፈር በኪራይ አዳራሽ ነው። ምግቡን አንሥቼ ከሚስቴ ጋር ጥግ ያዝኩ። አያትየው ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት ቆይታ፣ ሰሐኗን ይዛ ቀጥ ብላ ወደኛ መጣች። ይቅርታ ልትል ነው፣ ምን ብዬ ልመልስላት ብዬ አሰብኩ። ጥሩ ጥሩ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ወንበር ስባ ሚስቴ አጠገብ ተቀመጠች።

«ልጅቷ ማን ነበረች?» አለች።

«የትኛዋ?»

«የሸጧት።»

«የዘበኛው ልጅ ናት። አባቷ በሬውን ሆኖ ውጭ ያገሳል፣ እሷ ሳቋ ይመጣል። ሳቋን ይዛ ነው ፊቷ እንዲያ የሆነው።»

«ስታለቅስ ነው የመሰለኝ።»

«ለሁሉም መስሏል።»

«በሩስ? የተደገፉት በር?»

«ካርቶን ነው እኮ። ቀለም የተቀባ። ብደገፈው ይወድቃል። የተደገፍኩ መሰልኩ እንጂ በእግሬ ነበር የቆምኩ።»

አያትየው አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ያኔ ሚስቴ አስራው ስለነበረው ሻሽ ጠየቀች፤ የማን ሻሽ እንደነበር። ሚስቴ ነገረቻት። እኔ የማላውቀውን ሁሉ። ልጅ ከከለከለቻት ሴት ጋር፣ ሕፃኗን ሌላ ሰው ታቅፎ እዚያ ማዶ እየዞረ፣ እንዲህ አፍ ለአፍ ገጥመው። ኩራት የሚባል ነገር በዚያ ሥራ እንደሌለ ድሮም አውቃለሁ።

ካፖርቴን ለበስኩ። «እንሂድ» አልኩ።

«አንተ ቅደም» አለች ሳታየኝ።

«እኔ አደርሳቸዋለሁ፣ እርስዎ ይሂዱ አባባ» አለች አያትየው። በየትኛው የባቡር መስመር እንደመጣች እንኳን የማታውቅ ሴት ናት ሚስቴን የምታደርስልኝ።

«አንቺም አርፈሽ ብዪ» አልኳት አያትየውን። ሁለቱም ሳቁ።

አያትየው አሁንም አልገባኝም አለች። ካርቶን ሳይነኩ እንዴት ሰው የተደገፈ ይመስላል? ሚስቴ ልታሳያት ተነሣች። ሰው ሰሐን ይዞ በሚተላለፍበት፣ በአዳራሹ መካከል። ትከሻዋን አንድ ጎን ጣል አደረገች፣ አንገቷን ሰበረች፣ ባዶ አየር ላይ ተደገፈች። አያትየው ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ሸሸች። የሚተላለፉት ሰዎች ምን እንደሆነ ሳይገባቸው፣ እውነት በር ያለ ይመስል ዞረዋት ይሄዱ ጀመር። ግራ ጉልበቷ ብዙ እንደማያቆማት የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ወንበር አንሥቼ ከጀርባዋ አስጠጋሁላት። ዐይኗን ከአያትየው ሳታነሣ ወንበሩን በእጇ ገፋችው።